ምዕራፍ 7፦ ከዳቡስ ማዶ የሚሰማ ድምፅ

ከቦሌ እስከ አሶሳ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ርዝመቱ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መስመሩ የሸዋን ደጋ ይለቅና ወለጋን ይሻገራል፤ ከዚያ ዳቡስ ወንዝ ከመድረሱ በፊት በካማሺ ዞን ሰማይ ላይ ያልፋል። ከታች ያለው የጉሙዝ አገር ነው። በሰሜን ዓባይ፣ በምዕራብ ዳቡስ ያዋስኑታል፤ ዲዴሳም ከደቡብ ወርዶ ከዓባይ የሚቀላቀለው እዚያው አካባቢ ነው። ሸንተረሩ ቀርከሃ፣ ሸለቆው ቆላ ነው። ባለ አንድ ሞተሩ ሴስና ካራቫን ይህን መንገድ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አብራሪውን ከሰው ጋር የሚያገናኘው ጆሮው ላይ የደፋው ሄድሴት ብቻ ነው።

ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲወራ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ክንፉ፣ ስለ ነዳጁ ነው። ሄድሴቱን ግን እንደ ሙዚቃ ማዳመጫ ቆጥሮ ያልፈዋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ሄድሴት በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ የሞተሩን ጩኸት ከጆሮ ያርቃል፣ የራዲዮውን ቃል ወደ ጆሮ ያመጣል፣ የአብራሪውን ቃል ደግሞ ከጩኸቱ ለይቶ ወደ ውጭ ይልካል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ ብዙ አይጠቅሙም።

የምዕራብ ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ይህን ነገር ከሌላው አካባቢ በላይ ያከብደዋል። አውሮፕላን የሚነጋገርበት ቪኤችኤፍ ራዲዮ እንደ ዓይን ነው፤ ቀጥታ ካላየ አይደርስም። በ10,000 ጫማ ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን ሜዳ አገር ቢሆን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ መነጋገር ይችላል። ነገር ግን ዝቅ ብሎ የዲዴሳን ወይም የዓባይን ሸለቆ ሲጠጋ ሸንተረሩ በመካከል ይገባና ድምፁ ይሳሳል። ያኔ የሚመጣው ቃል የተቆራረጠና ሹክሹክታ የሚያህል ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ማስተካከያውን የሚያሽከረክር ሰው እንደሚሰማው ያለ ሹሹታ ውስጥ አንዲት ቁጥር ትመጣለች፤ አብራሪው ያቺን ቁጥር ሰምቶ መልሶ መናገር አለበት።

ቁጥሯ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለችም። በእንግሊዝኛው የራዲዮ ንግግር 5 እና 9 በጩኸት ውስጥ ስለሚመሳሰሉ ዓለም አቀፉ ሥርዓት 5ን «ፋይፍ»፣ 9ን «ናይነር» አሰኝቷቸዋል። ድምፅ እንዲህ በቀላሉ እንደሚጠፋ ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች አስቀድመው አውቀውታል ማለት ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰማይ ላይ ደግሞ አቅጣጫን አጣርቶ መስማት ሌላም ምክንያት አለው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን በታላቁ የህዳሴ ግድብ አየር ክልል ላይ መብረርን አግዷል። ግድቡ ያለው ከካማሺ በስተ ሰሜን፣ ከዓባይ ማዶ በመተከል ነው። ደመና ለመሸሽ ወደ ሰሜን የሚታጠፍ አብራሪ የተቆጣጣሪውን ቃል ግማሹን ሰምቶ ግማሹን መገመት አይችልም።

እስቲ ጩኸቱን ራሱን እንየው። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ ያለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 100 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ሲነሳም ከዚያ ያልፋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ያወጣው መለኪያ አንድ ሰው ጆሮውን ሳይሸፍን በ85 ዴሲቤል ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ወደ 4 ሰዓት፣ በ91 ወደ 2፣ በ94 ወደ 1 ይወርዳል። 100 ዴሲቤል ላይ የቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ጆሮውን ሳይሸፍን ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚበር ሰው የቀኑን ድርሻ ገና የሸዋ ደጋ ላይ ሳለ ጨርሶታል።

የጩኸቱ ባሕርይም ራሱን የቻለ ነው። የበረራ ተማሪ የሚለማመድበት ሴስና 172 ባለ ሁለት ምላጭ ፕሮፔለር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር በየሴኮንዱ 80 ጊዜ አየሩን ይመታል። የካራቫን ባለ ሦስት ምላጭ ፕሮፔለር በ1,900 ዙር 95 ጊዜ ይመታል። ይህ እንደ ከበሮ ከታች የሚመጣ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ደረትም ይሰማዋል። በላዩ ላይ የንፋሱ ፉጨትና የጭስ ማውጫው ጩኸት ይጨመራሉ። ወፍራሙንና ቀጭኑን ለይቶ መያዝ ይበጃል፤ የሄድሴት ምርጫ ግማሹ የሚወሰነው በዚህ ነው።

«ጆሮዬ ጭው አለ» ይላል ከረጅም በረራ የወረደ ሰው። ጭውታው በማግስቱ ይለቃል፤ ሰውየውም ይረሳዋል። ጉዳቱ ግን ጥቂት በጥቂት ይከማቻል። በጩኸት የሚመጣ የመስማት ጉዳት የሚጀምረው በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ካሉት ቀጫጭን ድምፆች ነው። በዚህ ደረጃ ያሉት እንደ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ጥ» ያሉ ተነባቢዎች ናቸው። ስለዚህ የተጎዳ ጆሮ ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን አይለይም። «ሳር» ይሁን «ጣር» ይሁን «ዳር» ይምታታበታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ጉዳቱን ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያውቁት ሰውየው ራሱ ሳይሆን «ስንት ጊዜ ልንገርህ?» የሚሉት የቤተሰቡ ሰዎች ናቸው። የሞተ የጆሮ ውስጥ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

የቀድሞዎቹ አብራሪዎች ይህ ሁሉ ጥበቃ አልነበራቸውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር አዲስ አበባ ላይ የሠራው «ፀሐይ» የተሰኘው አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሲበር በዓለም ዙሪያ የአብራሪ የራስ ልብስ የቆዳ ቆብ ነበር። አስተማሪ ከተማሪው ጋር የሚነጋገረውም በጎማ ቱቦ ነበር። ሮበርት ስሚዝ ባሪ የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1917 ጎስፖርት በተባለ ቦታ ባቋቋመው የበረራ ትምህርት ቤት የተስፋፋው ይህ ቱቦ አንድ ጫፉ በአስተማሪው አፍ፣ ሌላው በተማሪው ጆሮ የሚሆን፣ ሐኪም ልብ ከሚያዳምጥበት መሣሪያ ጋር የሚቀራረብ ነገር ነበር። «ፀሐይ» ከወረራው በኋላ ጣሊያን ተወስዶ ቆይቶ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል፤ አጠገቡ ቆሞ ሞተሩን የሚመለከት ሰው ያን ድምፅ በባዶ ጆሮ የተሸከሙትን ሰዎች ማሰቡ አይቀርም።

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው ለጦርነት በተሠሩ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። የእነዚህ የሲቪል አቻ የሆነው ዲሲ-3 ለብዙ ዓመታት የአገር ውስጥ መንገዶችን ሲያገለግል ኖሯል። ካማሺን ከጎን የሚያዋስነው የምዕራብ ወለጋ ምድርም መንዲና ነጆን የመሳሰሉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ነበሩት። የዲሲ-3 ሁለት ትላልቅ ፒስተን ሞተሮች ከአብራሪው ትከሻ ብዙም ሳይርቁ ያገሳሉ። የዚያ ትውልድ ሄድሴት ድምፅን ወደ ጆሮ ለማድረስ እንጂ ጩኸትን ለመከላከል የተሠራ አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ከሹራብ ፋብሪካ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአሜሪካዋ ዎስተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው ዴቪድ ክላርክ የተባለ ኩባንያ መነሻው የተጠለፈ የውስጥ ልብስ ነበር። «ፀሐይ» በተሠራበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ኩባንያው ከውስጥ ልብስ ተነስቶ ለተዋጊ አብራሪዎች ሰውነትን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ፣ ቀጥሎም በጀሚኒ መንኮራኩር ለተጓዙ ጠፈርተኞች ልብስ ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ለትንንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች ጆሮን በሙሉ የሚሸፍን፣ ማይክ ያለው ሄድሴት አወጣ። አረንጓዴው የጆሮ ክዳን እስከ ዛሬ በዓለም የበረራ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይታያል። አሠራሩ ግልጽ ነው፦ ወፍራም ክዳን፣ ውስጡ ስፖንጅ፣ ዙሪያው ለስላሳ ትራስ፣ ሁለቱን ጎን አጥብቆ የሚይዝ የብረት ቅስት። ባትሪ የለውም። ድምፅን የሚያቆመው በአካሉ ብቻ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሄድሴት ቀጭኑን ድምፅ፣ የንፋሱን ፉጨት፣ በደንብ ይይዛል። ከበሮውን ግን ማለትም ያንን 80 እና 95 ኸርዝ የፕሮፔለር ምት እምብዛም አይገታውም። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ያልፋል፤ ጎረቤት ሠርግ ሲኖር ዘፈኑ ሳይሰማ ድቤው ብቻ ቤት ድረስ እንደሚገባ ነው።

ወፍራሙን ለማቆም መላ የመጣለት አማር ቦስ ነው። አባቱ ከህንድ የተሰደዱ፣ ራሱ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ አገሩ ሲበር አየር መንገዱ የሰጠውን ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ሙዚቃ ሊያዳምጥ ቢሞክር የአውሮፕላኑ ጩኸት ዋጠበት። እዚያው መቀመጫው ላይ ሒሳቡን መሥራት ጀመረ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ድምፅ ማለት የአየር መግፋትና መሳብ ከሆነ፣ ጩኸቱ ሲገፋ የሚስብ፣ ሲስብ የሚገፋ ሌላ ድምፅ በዚያው ቅጽበት ቢፈጠር ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ከሐሳቡ እስከ ሱቅ 11 ዓመት ፈጀ። በመካከሉ፣ በ1986 ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር «ቮየጀር» በተባለ አውሮፕላን ሳያርፉና ነዳጅ ሳይሞሉ ዓለምን በ9 ቀን ሲዞሩ ጆሯቸውን የጠበቁት ገና በሙከራ ላይ በነበረው የቦስ ሄድሴት ነበር። በ1989 ለሽያጭ ቀረበ።

ዛሬ አብራሪዎች «ኤኤንአር» የሚሉት ይህ ነው። በጆሮ ክዳኑ ውስጥ ከጆሮው አጠገብ ሰሊጥ የምታህል ማይክ አለች፤ ሰብሮ የገባውን ጩኸት ትሰማለች። ትንሿ ኤሌክትሮኒክስ ተቃራኒውን ሠርታ በማዳመጫው በኩል ትለቃለች። መጀመሪያ የሞከረ ሰው ማብሪያውን ሲጫን የሚሆነውን አይረሳውም፤ ከበሮው ድንገት ከክፍሉ የወጣ ይመስላል፤ የራዲዮው ድምፅ ግን እዚያው ይቀራል። በአንጻሩ ኤኤንአር በቀጭን ድምፅ ላይ ጉልበቱ ደካማ ነው። ስለዚህ ሥራው በሁለቱ ይከፈላል፦ ቀጭኑን ትራሱ፣ ወፍራሙን ኤሌክትሮኒክሱ ይይዛል።

አብዛኛው ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክሱን ስም አይቶ ይገዛል፤ ትራሱን አያይም። ትራሱ ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ ግን የ1,300 ዶላሩም ሄድሴት ክፍት መስኮት ነው።

ዋጋው ላይ እንቆይ፤ በእኛ አገር ሁሉም ጥያቄ የሚመለሰው እዚያ ስለሆነ። በአሜሪካ ገበያ ርካሹ ባትሪ የለሽ ሄድሴት ከ150 እስከ 200 ዶላር፣ አረንጓዴው ዴቪድ ክላርክ 400 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ከኤኤንአሮቹ ላይትስፒድ ዴልታ ዙሉ 1,200፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ቦስ ኤ30 ደግሞ 1,300 ገደማ ይጠራሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ 1,300 ዶላር በባንክ ሒሳብ 74,000 ብር ይሆን ነበር። በወራት ውስጥ ዶላር ከ120 ብር አለፈ፤ ያው ዕቃ ከ156,000 ብር በላይ ሆነ። ቀረጡና ማጓጓዣው ገና አልተቆጠረም። በአዲስ አበባ የሚሠለጥን፣ ቤተሰቡ ተባብሮ የሚያስተምረው ተማሪ ይህን ቁጥር ሲያይ ልቡ ይደነግጣል። ልክም ነው።

ለዚህ ተማሪ የዚህ ምዕራፍ ምክር ግልጽ ነው፤ ባትሪ የለሹን ጥሩ ሄድሴት ይግዛ። አረንጓዴው ዴቪድ ክላርክ በአምራቹ ልኬት 23 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የላቦራቶሪ ቁጥር በእውነተኛ ራስ ላይ ሲወርድ ስለሚቀንስ ከላይ የተጠቀሰው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ለእንዲህ ዓይነቱ የጆሮ ክዳን አንድ አራተኛውን ቀንሶ ማሰብ ይመክራል፤ 17 ይሆናል። 100 የነበረው በሸካራ ስሌት ወደ 83 ወረደ ማለት ነው፤ ከ85ቱ በታች። አንድና ሁለት ሰዓት ለሚበር ተማሪ ይህ ይበቃል። በየቀኑ ካራቫን ላይ ተቀምጦ ምዕራቡንና ደቡቡን ለሚያዳርስ ባለሙያ ግን ኤኤንአር ቅንጦት አይደለም። ድካሙ ራሱ ከበሮው ነው፤ ማታ ራሱን የሚያመው፣ በአምስተኛው ሰዓት ላይ ቁጥር የሚያምታታው በእሱ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ራሱ ልክ እንምጣ። ሄድሴት እንደ ጫማ ነው፤ ሳይለኩ አይገዛም። ልኬቱም ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ደፍቶ በመስታወት ማየት አይደለም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ራስ ላይ ይቆይ። አናት ላይ አንዲት ነጥብ መቆጥቆጥ ከጀመረች በሁለተኛው ሰዓት ላይ ምስማር ትሆናለች። የኤኤንአር ሄድሴቶች አንዱ ብልጫ ቀላል መሆናቸው ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተሸጠው ቦስ ኤ20 340 ግራም ነው። ባትሪ የለሹ ግን ጩኸት የሚያቆመው በክብደቱና በጭምቀቱ ስለሆነ ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል፤ ጎንንም ይጨምቃል።

መነጽር ትልቁ ጠላት ነው። ወደ አሶሳ ከሰዓት በኋላ የሚበር ሰው ፀሐይዋ ከፊቱ ናት፤ ያለ ጥቁር መነጽር አይችልም። የመነጽሩ ክንድ በትራሱና በቆዳው መካከል ሲገባ ከጆሮው ጀርባ ቀዳዳ ይከፍታል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ሞተር በሚጮህበት ቦታ ሄድሴቱን ደፍቶ የመነጽሩን ክንድ በሁለት ጣት ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት፤ ጩኸቱ ከተለወጠ ቀዳዳ አለ። መፍትሔው ሄድሴት መቀየር ላይሆን ይችላል፤ ክንዱ እንደ ሽቦ የቀጠነ መነጽርና ጄል ያለው ትራስ ብዙውን ይዘጋሉ።

ፀጉርም እንዲሁ ነው። ሹሩባ የተሠራች አብራሪ፣ ጎፈሬ ያለው አብራሪ፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታስር አብራሪ፣ ሁሉም ከትራሱ ሥር አንድ ተጨማሪ ነገር አላቸው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ በረራ ሥልጠና ከገባችው ከሙሉእመቤት እምሩ ጀምሮ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን እስከሆነችው አምሳለ ጓሉ ድረስ ኢትዮጵያውያት በኮክፒት ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል፤ የሄድሴት መመሪያ ወረቀቶች ግን ስለ ሹሩባ አንድ ቃል አይሉም። በጆሮ ዙሪያ ያለው ሹሩባ ወደ ኋላ ተስቦ ቢታሰር፣ ሻሹም ከጆሮ ላይ ስስ አንድ ድርብ ብቻ ሆኖ ቢጠቀለል ትራሱ ቆዳውን ያገኛል። ወፍራም ቋጠሮ ቅስቱ ከሚያርፍበት ቦታ ወደ ኋላ ይሁን። ልኬቱም በበረራ ቀን የሚታሰረው ሻሽና የሚሠራው ሹሩባ ባለበት ይደረግ።

ስለ ሶኬቱ አጭር ነገር። የትንሽ አውሮፕላን ሄድሴት ሁለት መሰኪያ አለው፤ አንዱ ወፈር ያለ ለማዳመጫ፣ ሌላው ቀጠን ያለ ለማይክ። የሄሊኮፕተር ሄድሴት አንድ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። ከወታደራዊ አገልግሎት የወጣ ሄድሴት ደግሞ መሰኪያው በአስማሚ ቢስተካከልም ማይኩ የኤሌክትሪክ ባሕርዩ ከሲቪሉ ራዲዮ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ድምፁ ላይወጣ ይችላል። ርካሽ አገኘሁ ብሎ የሄሊኮፕተር ሄድሴት ለሴስና የገዛ ሰው አስማሚ ፍለጋ ይዞራል። አንዳንድ ኤኤንአር ሄድሴቶች ደግሞ ኃይል በቀጥታ ከአውሮፕላኑ የሚወስድ ባለ ስድስት ሹል መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ አውሮፕላኑ ያ ሶኬት ከሌለው አይሠሩም። ከመግዛት በፊት የሚበሩበትን አውሮፕላን ሶኬት ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ማይኩን በተመለከተ ብዙ ሰው ዕቃውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የአቀማመጥ ነው። ጩኸት የሚለየው ማይክ የሚሠራው ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ ጥሎ ከቅርብ ያለውን በመያዝ ነው። ስለዚህ ከከንፈር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ አፍ ጠርዝ ዘወር ብሎ መቀመጥ አለበት። አገጭ ሥር ከወረደ የአብራሪው ቃልና የሞተሩ ጩኸት እኩል ይሆኑበታል፤ የአሶሳ ተቆጣጣሪም «ድገም» ይላል። ማይኩ ላይ የምትጠለቀው ትንሿ ስፖንጅም ጌጥ አይደለችም። ትንፋሽንና ንፋስን ትሰብራለች፤ ስትጠፋ እያንዳንዱ «ፐ» እንደ ጥይት ይወጣል።

ኤኤንአር የሚገዛ ሰው ስለ ባትሪ ማሰብ አለበት። ብዙዎቹ በሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ከ40 ሰዓት በላይ ይሠራሉ። ድንጋዩ ደካማ ከሆነ ግን በዚያ ልክ መቁጠር ሞኝነት ነው፤ ጥሩ ድንጋይ ከአዲስ አበባ ይዞ መውጣት ይሻላል። ድንጋዩ ሲያልቅ ራዲዮው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ጩኸት ማጥፊያው ነው፤ ከበሮው በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ክዳናቸው ስስ የሆነው ቀላሎቹ ሄድሴቶች ያኔ ከአረንጓዴው ያነሰ ይከላከላሉ። ላይትስፒድ ዴልታ ዙሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ጨምሯል። ይህ በካራቫን ላይ ብዙ ትርጉም የለውም፤ እንደ ሴስና 172 ባሉ የፒስተን አውሮፕላኖች ላይ ግን የኮክፒቱ ማሞቂያ ሙቀት የሚወስደው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳር ጠዋት ተማሪው ማሞቂያውን ይከፍታል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ሽታ የሌለው መርዝ ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መሣሪያው ዋጋውን ያወጣል።

አሁን ግዢው። አብዛኛው ሄድሴት ወደዚህ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው፤ ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ፣ ከዱባይ የሚመለስ ጓደኛ። ይህ መንገድ ችግር የለውም፤ ችግሩ ሳይለኩ መግዛት ነው። መላው እዚሁ ካሉ አብራሪዎች ተውሶ መለካትና ሞዴሉን በስሙና በቁጥሩ ጽፎ መላክ ነው። «ቦስ አምጣልኝ» ብቻ ከተባለ ዘመድ ለሙዚቃ የሚሆነውን፣ ማይኩም መሰኪያውም ለአውሮፕላን የማይሆነውን ሊያመጣ ይችላል። የዋስትና ዘመን ከመጠየቅም አይቦዝን፤ ዴቪድ ክላርክና ቦስ 5 ዓመት፣ ላይትስፒድ 7 ዓመት ይሰጣሉ፤ ደረሰኙ ግን ከዕቃው ጋር ይምጣ። ዕቃው ኦሪጅናል ይሁን ፎርጅድ የሚለየውም በደረሰኙና በተመዘገበው መለያ ቁጥር ነው።

ያገለገለ ሄድሴት መግዛት አያሳፍርም፤ አረንጓዴዎቹ በተለይ ከሰው ዕድሜ ጋር የሚወዳደር ጽናት አላቸው። ሲፈተሽ ግን ገመዱ መሰኪያው ጋ ይታጠፍ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል። ሁለቱም ጆሮ ይሰማ። ማይኩ በእውነተኛ ራዲዮ ላይ ይሞከር፤ ከጠረጴዛ ላይ በዓይን አይፈረድም። ትራሱ ደግሞ በጣት ይጫን። ተጭኖ ቀስ ብሎ ከተነሣ ደህና ነው፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጣጠቀ ወይም ተጭኖ ከቀረ ሞቷል፤ ዋጋው ከሒሳቡ ይቀነስ።

በካራቫኑ የኋላ መቀመጫ ያለው ተሳፋሪ፣ የጤና ባለሙያው፣ መምህሩ፣ የዕርዳታ ሠራተኛው፣ ሁሉም ጆሮ አላቸው። ለእነሱ ሄድሴት ባይበቃ በጣት ተጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የስፖንጅ መድፈኛ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። አገባቡ ነው ቁም ነገሩ፦ በደንብ ተጠቅልሎ፣ ጆሮ በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ፣ እስኪያብጥ ድረስ በጣት ተይዞ። ደጅ ላይ ብቻ የተወሸቀ መድፈኛ ምንም አይከለክልም። አብራሪውም ባትሪ የለሽ ሄድሴት ሥር ይህን ቢጨምር እንደገና 5 ዴሲቤል ያህል ያተርፋል፤ የራዲዮውን ድምፅ ብቻ ትንሽ ከፍ ያደርጋል።

የቆላው ሙቀት ግን ከሁሉም በላይ የሚበላው ትራሱን ነው። ላብ፣ አቧራና ፀሐይ በአንድ ላይ ሆነው ልባሱን ያደርቁታል። አሶሳ ላይ አውሮፕላኑ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሄድሴቱ በኮክፒቱ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ይተዋል፤ ያ አንድ ሰዓት ከብዙ በረራ የበለጠ ይጎዳዋል። ወደ ከረጢቱ ቢገባና ሲመለስ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ቢደርቅ ዕድሜው ይረዝማል። ያም ሆኖ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ትራስ መቀየሩ አይቀርም፤ እዚህ አገር ሱቅ ገብቶ የሚገዛ አይደለም። ስለዚህ ዘመድ ሄድሴቱን ሲያመጣ ለዚያው ሞዴል የሚሆን ሁለት ጥንድ ትርፍ ትራስና ሦስት የማይክ ስፖንጅ አብሮ እንዲገዛ ይነገረው፤ ሁሉም ተጠቅልለው ሻንጣው ውስጥ ጫማ ውስጥ ይገባሉ።